የአምስተኛው ቀን ቫልቭ

ሰው የጠፋበትን ድምፅ ሲያገኝ መላሹ ማን ይባላል? ከጎርፍ ተሸክሞ ያወጣለት? ድንበር ተሻግሮ የፈለገለት? ወይስ ተደብቆ የጠገነለት?

ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። ጥያቄው ብቻውን ቢሆን ባልከፋ፤ ሃያ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ሳጥን አብሮት አለ። የተቀመጠው በእኔ ክፍል፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሥር ነው። ሦስት ሰዎች «የእኔ ነው» ይሉታል። ሦስቱም በየሳምንቱ ይደውሉልኛል፤ ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ግን የእኔን ደህንነት ሳይሆን የሳጥኑን ነው። አንዱ «ጨርቅ አልብሺው፣ አቧራ ይበላዋል» ይለኛል። ሌላው «ጨርቅ እንዳታለብሺው፣ ያፍነዋል» ይለኛል። ሦስተኛዋ «ጨርቅም እጅም አታስነኪው» ትለኛለች። እኔ መናገር ብዙ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ለሦስቱም «እሺ» እላለሁ። በአንድ ሳጥን ላይ ሦስት «እሺ» እንዴት እንደሚፈጸም እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ስለዚህ ነገሩን ከነክብደቱ እናንተ ፊት ላውርደው። እናንተ ተከራከሩበት፤ እኔ ደክሞኛል።

በአንድ ወቅት፣ ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ተኝቶ በድንገት በሚነሳባት በድሬዳዋ፣ ሸዋቀና ጊታር የሚባሉ ሰው ነበሩ። «ጊታር» የአባታቸው ስም አይደለም። ሠላሳ ዓመት በባቡር ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ጊታር ሲመቱ ኖረው የአባታቸውን ስም የሚያስታውስ ስለጠፋ ነው። አያቴ ናቸው። ልጆቻቸው «አባባ» ይሏቸዋል፣ እኔም አባባ ነው የምላቸው።

አባባ አንድ ጊታርና አንድ ሳጥን ነበራቸው። ሳጥኑ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ነው። ዛሬ በየሱቁ እንደሚታየው ቀላል ዓይነት አይደለም። በጀርባው ቫልቭ የሚባሉ፣ ትንንሽ ጠርሙስ የሚመስሉ የብርጭቆ አምፖሎች ተሰክተውበታል። ሲበራ ቀስ እያሉ ይቀላሉ፤ እነሱ ሳይግሉ ድምፅ የለም። ከመካከላቸው ጫፍ ላይ ያለችው፣ አውራ ጣት የምታህለው፣ የጊታሩ ድምፅ መጀመሪያ የሚገባባት ናት። አባባ «ጉሮሮ» ይሏታል።

«ትላልቆቹ ጉልበት ናቸው» ይሉ ነበር። «ይቺ ግን ጉሮሮ ናት። ጉሮሮው ለተዘጋ ዘፋኝ ጉልበት ምን ያደርግለታል?»

ነሐሴ ላይ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት እረፍት መጥቻለሁ። አባባ የሚኖሩት ከእናቴ ጋር ነበር፤ እማዬ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደቻቱ ከተራራው የሰበሰበውን ይዞ መጣ። የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ድምፁ ይደርሳል፣ ቀጥሎ ሽታው፣ ከዚያ ራሱ። እማዬና እኔ አባባን በሁለት በኩል ደግፈን ጎረቤታችን ፎቅ ላይ አወጣናቸው። ጊታራቸው ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ አልፈራንለትም። ሳጥኑ ግን በጓሮው ክፍል ወለል ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ልጅ አጎቴ ዘርጋው ነው። ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው በዚያው ግቢ የፊት ክፍል ውስጥ ነበረች። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ የቀረው አንድ ጉዞ ብቻ እንደሆነ ያየው ሁሉ ያውቅ ነበር። መኪናዋን አልፏት ወደ ጓሮ ገባ። ሳጥኑን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ ጭቃው ደረቱን እየገፋው ወጣ።

«ዘርጋው! መኪናህስ?» ብሎ ጮኸበት ጎረቤታችን ከፎቅ።

«መኪናማ ይገዛል!» አለ።

አልተገዛም። መኪናዋን ደቻቱ ወሰዳት። አጎቴ ዘርጋው ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በሰው ሱቅ፣ በሰው መኪና፣ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ኖረ።

ሳጥኑ ዳነ፣ ድምፁ ግን አልዳነም። ዘርጋው ከመድረሱ በፊት ውሃው በጀርባው ገብቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲበራ ትላልቆቹ ቫልቮች ቀሉ፤ ጉሮሮዋ ግን እንደጠቆረች ቀረች። አባባ ጊታሩን አንዴ መቱ። ምንም። ደግመው መቱ። ምንም።

«ጉሮሮው ሞቷል፤ ቅበሩት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆየት ብለው ከግድግዳው ጋር እንደሚነጋገር ሰው፣ «እጁን ሳጥኑ ውስጥ የሚሰድ ልጄ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ የምታቀርብላቸው ምግብ እንደቀረበ ይመለስ ጀመር። ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና «ሕመማቸው የልብ ነው፣ መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ግን ካልበሉ እኔም መድኃኒቱም ምንም አንሠራም» ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው ልጅ አጎቴ ምትኩ ነው። ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ካልተናደደ አይናገርም። በማግስቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ።

«ጅቡቲ ልወርድ ነው። አሮጌ የሬዲዮ ዕቃ እዚያ አይጠፋም።»

እህቱ ትርሲት «መጀመሪያ ያቺን ጉሮሮ ራሷን ልያት» አለችው። «ምናልባት አልሞተችም።»

«አቦ ትርሲት! አባባ ሞተች ካሉ ሞተች!»

ሄደ። የሄደበት ሳምንት ግን የራሱ ሽማግሌዎች የሚወዳት ልጅ ቤት የሚሄዱበት ሳምንት ነበር። እሁድ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ቆሙ። የልጅቷ አባት «ልጁን እንየው» አሉ። ሽማግሌ አይዋሽምና «ጅቡቲ ነው» ተባለ። «ምን ሊያመጣ?» «አምፖል።» የልጅቷ አባት መጀመሪያ ሳቁ፤ የሚስቅላቸው ሲያጡ ተቆጡ። «ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ልጅ የለኝም» ብለው በሩን ዘጉ። ልጅቷ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ከሌላ ሰው።

ምትኩ ይህን ሁሉ የሰማው ከተመለሰ በኋላ ነው። እዚያ ግን ገበያ ገበያ ሲዞር ሰንብቶ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ የመናዊ ሽማግሌ አገኘ። ሽማግሌው የጉሮሮዋን ዓይነት ስድስት ቫልቮች ነበሯቸው፤ መያዣ ካርቶን ግን አልነበራቸውም። ምትኩ ያለውን ካልሲ ሁሉ አወጣ፣ እያንዳንዷን በአንድ ካልሲ ከተተ፣ እሱ ጫማውን በባዶ እግሩ አድርጎ በዘጠኝ ቀኑ ተመለሰ።

ሦስተኛዋ አክስቴ ትርሲት ናት። ቤቷ ውስጥ ሬዲዮና ቬንትሌተር ትጠግናለች። ምትኩ ጅቡቲ ሳለ፣ አባባ ከምሳ በኋላ ሲያሸልባቸው ጠብቃ ሳጥኑን ከፈተችው። አባባ የተናገሩትን ሰምታለች፤ እጇን የምትሰድ ልጃቸው አይደለችም። ሰደደች። የሞተችውን ቫልቭ አውጥታ ወደ ብርሃን አነሳቻት።

«ኅሪት፣ ላጲስ አለሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሰጠኋት። የቫልቭዋ እግሮች ጭቃ ጠጥተው አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ዘጠኙን እግር አንድ በአንድ በላጲስ አሸቻቸው፣ እንደ መርፌ እስኪያብረቀርቁ። መልሳ ስትሰካት አባባ ሳሉ። ደነገጠች፤ እጇ ሳተ። እንዲህ ባለ ሳጥን ውስጥ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ የሚያደባ ኤሌክትሪክ አለ፤ መታት። ድምፅ አላሰማችም። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም።

ስታበራው ጉሮሮዋ ቀላች።

«ልንገራቸው?» አልኳት።

«ምን ብለሽ? ‹ልጄ አይደለሽም› እንዲሉኝ? ደግሞስ ሞተች ያሏትን ቫልቭ በጆሯቸው የሚሰሟት ይመስልሻል?»

ቫልቭዋን በጥጥ ጠቅልላ የሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀቻት።

ጳጉሜን አራት ቀን ምትኩ ካልሲዎቹን አባባ አልጋ ላይ ደረደረ። አባባ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። አጉሊ መነጽራቸውን ጠየቁና ብርጭቆው ላይ የታተመውን ፊደል አንድ በአንድ ያነቡ ጀመር።

«ይቺ ፈረንሳይ… ይቺ ሩስያ… ይቺም ሩስያ… ይቺ የማትነበብ… እ! ጀርመን! በቃ፣ ይቺ ናት። ሌሎቹን ለቆራሊዮ ስጡ።»

«ሳይሰሟቸው?» አለች ትርሲት።

«ጀርመን ይሰማል እንዴ? ጀርመን ይታመናል! በእንቁጣጣሽ አስገቡልኝ።»

በእንቁጣጣሽ ጠዋት የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ይደክመኛል። ስድስቱ ቫልቮች ፎጣ ላይ ተደርድረዋል። ስድስቱም ንጹሕ ብርጭቆ ናቸው። ፊደል የለም። የትኛዋ ጀርመን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

«ትርሲት! በዚያ ሁሉን በምታጥቢበት አልኮልሽ ነካክተሻቸዋል!» ብሎ ጮኸ ምትኩ።

«እኔ አልነካሁም! ካልሲህ ፈትጓቸው ነው። ካልሲ ነው ወይስ ሞረድ?»

«የኮንትሮባንድ ቀለም እንዲሁ ነው፤ ይተናል» አለ ዘርጋው፤ ማስታረቁ ነው።

«ኮንትሮባንድ አትበለኝ!» አለ ምትኩ። ሽማግሌዎቹ የተመለሱበት ገና ሳምንት አልሞላውም።

እኔ ዝም አልኩ። ሁልጊዜም ዝም ስለምል ዝምታዬን ያስተዋለ አልነበረም።

አባባ ሦስቱንም አዩዋቸው። «እንግዲያው ሁሉንም እሰማለሁ» አሉ። «ግን እንዲህ ጥድፍ ጥድፍ ብሎ አይሆንም። ቫልቭ እንደ እንግዳ ናት፤ ካላደረች ጠባይዋ አይታወቅም። በቀን አንድ። ሌሊቱን ስትሞቅ ታድራለች፣ ከሰዓት በኋላ አናግራታለሁ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፎጣውን ስቆጥረው ቫልቮቹ ሰባት ሆነዋል። ቀና ስል ከትርሲት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጣቷ ላይ የሽሮ ዱቄት አለ። ፊደሉ ባይጠፋ ኖሮ አሮጌዋን እዚያ መሐል መቀላቀል ባልቻለች። ሁለታችንም ዓይናችንን ሰበርን።

መስማቱ ተጀመረ። አባባ ትራስ ተደግፈው፣ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ የባቲ ቅኝት ሐረግ ይመታሉ፤ ስምንት ድምፅ ነው፣ አይጨመርበትም አይቀነስለትም። ሦስቱ ልጆች ከሥራ እየሾለኩ ይመጣሉ። የመጀመሪያዋን ሰምተው «ቆርቆሮ» አሉ። ሁለተኛዋን «ጉንፋን ይዟታል» አሉ። ሦስተኛዋ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ድምፅስ ድምፅ ናት፤ ግን ሹመት የምትፈልግ ትመስላለች፣ ስምንቱንም እኩል ትጮኻለች። የኔ ሐረግ ላይ አምስተኛው ድምፅ ዝቅ ማለት አለበት።» በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ ያ ቀን አልተቆጠረም። (አጎቴ ምትኩ ግን ይቆጥረዋል፤ እሱ ዘንድ አምስተኛው ቀን ስድስተኛው ነው። በዚህ ላይ ብቻ ተጣልተው ሁለት ሠርግ አበላሽተዋል።) አራተኛዋ አፏጨች።

በአምስተኛው ቀን መቱና አቆሙ። አምስተኛው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ አየሩ ላይ ትንሽ ተንቀጥቅጦ፣ ጠፋ። አባባ ጣታቸውን ከክሩ ሳያነሱ ዘንበል አሉ።

«መጣህ?» አሉ ለሳጥኑ።

ደግመው መቱ። ከዚያ ከስምንቱ ድምፅ አልፈው፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን፣ እማዬ ግን ከማጀት እጇን ሳትጠርግ ሮጣ የመጣችበትን ዘፈን ቀጠሉ። ሲጨርሱ ተርበው ነበር። «ምን አለ የሚበላ?» አሉ፤ እማዬ በሩን ተደግፋ አለቀሰች።

ያን ዕለት ነው ቃሉን የተናገሩት። ሦስቱም ፊታቸው ቆመዋል።

«እኔ ስሄድ ይሄ ሳጥን ድምፄን ለመለሰልኝ ልጅ ነው።»

ዘርጋው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ምትኩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ትርሲት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሦስቱም ለእኔ ተባለ ብለው ነው የሳሙት። አባባም ሦስቱንም በዚያችው አንድ እጅ መረቁ።

የቀሩትን ሁለት ቫልቮች አልሰማም አሉ። ምትኩ በደስታ «አላልኩም? ጀርመኗ ናት!» ሲል ትርሲት አልቻለችም። ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ቫልቭዋን ነቅላ አጎቶቼን ወደ ጓሮ ጠራቻቸው። የቫልቭ አናት ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሽፋን አለ፤ አዲስ ከሆነች ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ዓመት ከሠራች ቡናማ ይሆናል። የዚች ጠርዝ እንደ ተጠበሰ ሽንኩርት ነው። እግሮቿ ደግሞ በላጲስ ታሽተው ያበራሉ። ሁሉንም ነገረቻቸው።

ምትኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ተናገረ። «ታዲያ እኔ ጅቡቲ ምን ልሠራ ነው የሄድኩት?»

ለአባባ እንዳይነገራቸው ተስማሙ። በስድስት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይህ ነው። አባባ አውቀውት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። አምስት ወር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መቱ፣ በሉ፣ ከሐኪማቸው ጋር ቀለዱ። የካቲት ላይ ሞቱ። ቃሉን አላብራሩም።

በአርባቸው ማግሥት ክርክሩ ተጀመረ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

ዘርጋው እንዲህ አለ። «ሳጥን ባይኖር ቫልቭ የት ይሰካ ነበር? ቫልቭዋም ራሷ ሳጥኑ ውስጥ ነበረች። እኔ ያወጣሁትን ነው እነሱ የነካኩት። እንጀራዬን ለደቻቱ ትቼ ነው ያወጣሁት።»

ምትኩ እንዲህ አለ። «አባባ ፊታቸውን ከግድግዳ የመለሱት ለማን ነው? ለካልሲዎቹ። እኔ ስድስቱን ባላመጣ ሰባተኛዋን ማን ይሰማት ነበር? ሽሮ ውስጥ ትቀር ነበር! ሚስቴን የት ነው የተውኳት?»

ትርሲት እንዲህ አለች። «የመለሰችው ቫልቭ የትኛዋ ናት? ዝም ብዬ ይህን ብቻ ልጠይቅ። ሞተች ተብሎ የተፈረደባትን ማን አስነሳት? ልጄ አይደለሽም መባልን ማን ተሸከመ? እጄን እዩት።»

ሽማግሌዎቹ ለዘርጋው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለምትኩም ነቀነቁ፤ ለትርሲትም። ማታ ላይ አንገታቸው ደክሞ ተነሱ። እማዬን «አንቺስ?» ሲሏት «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ሳጥኑ ይቅርብኝ» አለች። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ እኔን ጥግ ላይ አዩኝ። «ለጊዜው ኅሪት ጋ ይቀመጥ። እሷ አትናገርም» አሉ።

ለጊዜው። ስድስት ዓመት!

ለትንሣኤ ሲመጡ ይጣላሉ። ለገና ሲመጡ ይጣላሉ። የሰው ሐዘን ላይ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ላጲስ ይጣላሉ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ ሊመርቁኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ዘርጋው ሳጥኑን ዙሪያውን አየውና «ማዕዘኑን ምን ነካው?» አለኝ።

አሁን ጋምቤላ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት እሄዳለሁ። ሳጥኑ ያለ ጠባቂ ሊቀር ነው። እማዬ «ለእኔ ጥለሽው ከሄድሽ በመጋዝ ለሦስት እቆርጠዋለሁ፤ ለየአንዳንዳቸው ቁራጭ ቁራጭ እልክላቸዋለሁ» ብላለች፤ ስትቀልድ ዓይኗ ይስቃል፣ ያኔ አልሳቀም።

ስለዚህ ባለፈው እሁድ ሦስቱንም ጠራኋቸው። ሳጥኑን መሐል አደረግሁት። ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ፤ ደቻቱ፣ ካልሲ፣ ላጲስ።

«ፊደሉን የጠረግሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አልሰሙኝም። እኔን የመስማት ልምድ የላቸውም። ደግሜ፣ በሕይወቴ ተናግሬ በማላውቀው ድምፅ አልኩት።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ነገርኳቸው። በጳጉሜን አምስት ቀን ቤት ሳጸዳ ነበር። አባባ ለአዲስ ዓመት የሚሰሟት ቫልቭ የጅቡቲ አቧራ ለብሳ መቅረቧ አሳፈረኝ። ጨርቅ አረጠብኩና ጠረግኋት። ሥራ ጀምሬ መተው ስለማልወድ የቀሩትን አምስቱንም ጠረግሁ። ፊደሉ ለካ ብርጭቆው ላይ እንደ ዱቄት ነው የሚቀመጠው። ስድስተኛዋን ጨርሼ ጨርቁን ሳየው ሰማያዊና ቢጫ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ማንበብ ሥራዬ ነው፣ ስድስቱንም ሳላነብ አጠፋኋቸው። ጨርቁን እጥበት ውስጥ ከተትኩ፣ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ትርሲት ናት። «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ካልሲህን ስረግም!» አለችው ለምትኩ። እሱ አልሳቀም።

ዘርጋው ግን አገጩን ይዞ ያስባል። «ቆይ» አለ። «ቆዩ እስቲ። ፊደሉ ባይጠፋ አባባ ያቺን ጀርመን ያስገቡ ነበር። ሌላ አይሰሙም ነበር። ትርሲትም አሮጌዋን መቀላቀል አትችልም። ታዲያ… እንግዲያማ የኅሪት ነው!»

«በስህተት ይወረሳል እንዴ?» ብሎ ጮኸ ምትኩ። «ሳታውቅ ያደረገችው ነው!»

«አንተስ ጅቡቲ የሄድከው ምን እንደሚሆን አውቀህ ነው?» አለች ትርሲት። «ግን ዘርጋው፣ እሷ ምን ከሰረች? እኔ ጣቴን፣ አንተ መኪናህን፣ እሱ ሚስቱን። እሷ አንድ ጨርቅ!»

«ስድስት ዓመት እናንተን አዳመጥኩ» አልኩ። ይህንንም አልሰሙኝም። ሦስት የነበረው ክርክር አራት ሆኖ ቀጠለ። እማዬ ከማጀት ብቅ ብላ «መጋዙን ላምጣ?» አለች።

የወሰንኩት ይህን ነው። ነገሩን እንዳለ፣ የማንንም ሚዛን ሳልጫን ጻፍኩት፤ የራሴን ጥፋት ጨምሬ። ለሦስቱም እሰጣቸዋለሁ፣ ለእናንተም ይኸው። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት መኪናው ከመነሳቱ በፊት ለምትሉኝ ሰው አስረክባለሁ፤ የእኔ ነው ካላችሁም እንደ ዘርጋው ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ጋምቤላ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ጨርቅ አላለብሰውም፣ ጨርቅም አላነሳለትም። አቧራው እንዳሻው ይረፍበት፤ እኔ ከእንግዲህ ሳላነብ የምጠርገው ነገር የለም።

ከውሃ ያወጣው ዘርጋው አለ። የአባቱን ፊት ከግድግዳ ያስመለሰው ምትኩ አለ። የሞተችውን ያስነሳችው ትርሲት አለች። አያቴ በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው እንዲሰሙ ያደረገች፣ ያንንም ሳታውቅ ያደረገች፣ አንዲት እርጥብ ጨርቅ የያዘች ሴትም አለች።

እስቲ ፍረዱ፤ ሳጥኑ የማን ነው?